ሐ ከመ ይቀድማል

ደባርቅ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚያን ጊዜ ረግቼ መቀመጥ አልችልም ነበር። ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሰሌዳው እመላለሳለሁ፤ ቤት ስገባም ያው ነው። ያከራዩኝ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው ሴት ነበሩ። ከግድግዳው ወዲያ ሆነው እርምጃዬን እየሰሙ፣ «ልጄ፣ ምነው? እንደ ታሰረች በቅሎ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» ይሉኛል። ምክንያቱን ልነግራቸው አልችልም። ጎንደር አብረውኝ ከተማሩት ግማሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ የት እንዳሉ የሚታወቀውን ደግሞ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም። ደባርቅ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ይወጣና ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የባሕር ዛፉን አጥር ይውጠዋል። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደየቤቱ ሲሰበሰብ እኔ የአስመራ መንገድ እስከሚታጠፍበት ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ብጠብቅ የምጠብቀው አጎቴን ነበር። የእናቴ ወንድም የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መንገዱ ገና ሳይዘጋ ከአስመራ ጭኖ ሊማሊሞን ይወጣና ደባርቅ ሲደርስ ሞተሩን እስኪያቀዘቅዝ ድረስ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከደረት ኪሱ ካሴት አውጥቶ ሰጠኝ።

«እነዚያ አራት እንግሊዞች ናቸው፤ ተማሪ እያለሽ ስታብጂላቸው የነበሩት» አለኝ። «ሙዚቃ ቤት ሄጄ አስቀዳሁልሽ።»

የባንዱን ስም እዚህ አልጽፈውም። ያኔም ስሙን የመጥራት ልማድ አልነበረኝም፤ «ሰዎቹ» ነበር የምላቸው። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈናቸውን አሰምቶን ነበር። ጊታሩ ዳገት የሚወጣ መኪና ማርሽ ሲቀይር የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል፤ ዘፋኙ ደግሞ ከሰው ጋር እየተጣላ የሚለማመጥ ይመስላል። የቀሩት ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ እኔ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር። አሁንም ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር የሚሆነው እንደዚያ ነው። የውስጤ ሩጫና የውጩ ሩጫ ይገጣጠማሉ፤ ለአርባ ደቂቃ ያህል እፎይ እላለሁ።

አጎቴ በዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ካሴት አመጣልኝ። ችግሩ አንድም ካሴት የራሱ ሽፋን አልነበረውም። ሙዚቃ ቤቱ በባዶ ካሴት ላይ ይቀዳና ምንም ሳይጽፍ ይሰጣል። የአልበሙን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ የሚያውቅ የለም። አጎቴን ብጠይቀው፣ «እኔ የማውቀው የጤፉን ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተጫነ በመጨረሻ ይወርዳል» ብሎ ሳቀ።

የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ካሴቱን የማጠነጥነው በእስክሪብቶ ነው፤ የደከሙትን ድንጋዮች ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርድሬ ፀሐይ አሞቃቸዋለሁ። ያከራዩኝ እናት ይህን አይተው፣ «ድንጋይ ታሞቂያለሽ? እኔ አሮጊቷ ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ!» ብለው ከድንጋዮቹ አጠገብ በርጩማቸውን አመጡ።

እንደ እኔ ሰዎቹን የሚሰማ ሰው ያገኘሁት ዳባት ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስብሰባ ተጠርተን ሄደን፣ ለምሳ ስንለቀቅ ከክሊኒኩ መስኮት የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ዘፋኙ የማውቀው ነው፤ ዘፈኑ ግን የማላውቀው። ጓደኞቼን ትቼ ገባሁ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ቀጭን የጤና ረዳት መርፌ እየቀቀለ ነበር።

«ምንሽን አመመሽ?» አለኝ።

«ይሄ ስንተኛው ነው?» አልኩት።

ጥያቄው ገባው። መርፌውን ተወና በደንብ አየኝ። «እኔም እሱን ነው የማላውቀው» አለ።

አራት ካሴት ነበረው። አስመራ ሲማር የገዛቸው ናቸው፤ የእሱም ሽፋን የላቸውም። የእኔ ሦስትና የእሱ አራት ሲደመሩ ሰባት ሆኑ። አንዱም ከሌላው አልተደገመም። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ስብሰባው ውስጥ የተባለውን አንድ ቃል አልሰማሁም።

ካሴቶቹን ለመለየት ፊደል ሰጠናቸው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ይህ የእሱ ሐሳብ ነው፤ የቄስ ልጅ ነበርና። ስንነጋገር ግን «ሀ» ስንል ሀሌታው ይሁን ሐመሩ አይለይም፤ «ሰ» ስንልም እንደዚሁ። ስለዚህ የኔታ እንዳስተማሩን ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ንጉሡ፣ እሳቱ እያልን ጠራናቸው። ሁለታችንም ከዚህ ምን እንደሚመጣ አላሰብንም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት መሄድ ጀመርኩ። ከደባርቅ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ምክንያት በሚለው ላይ «ለሕክምና» እጽፋለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ በአራተኛው ቅዳሜ ማኅተሙን እንደ ያዘ፣ «መምህርት፣ ሕመምሽ ቅዳሜን ጠብቆ ነው እንዴ የሚነሣው?» አለኝ። አፌን ይዤ ሳልኩ።

ያከራዩኝ እናትም ዝም አላሉም።

«ሰውየው ሊያገባሽ ነው?»

«አይ እማማ፣ ካሴት ነው የምንሰማው።»

«ካሴት ለመስማት ዳባት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ፤ እንዲያ ከሆነ ካሴቱ ያግባሽ።»

እውነትም ካሴት ነበር የምንሰማው። የክሊኒኩ በር ክፍት ሆኖ፣ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች ደጅ ተቀምጠው፣ እኛ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለን እናነጻጽራለን። «ሀ»ና «ለ» የመጀመሪያዎቹ መሆናቸው ላይ ወዲያው ተስማማን፤ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ሰዎቹም ይቸኩላሉ። «ረ»ና «ሰ» መጨረሻ ናቸው፤ ኦርጋን ገብቷል፣ አንዱ ዘፈን ብቻውን የካሴቱን ግማሽ ይበላል። ንጉሡ ከእነሱ ፊት ነው። የተጣላነው በ«ሐ»ና በ«መ» ነው።

እኔ «ሐ» ይቀድማል እላለሁ። በ«ሐ» ላይ የዘፋኙ ድምፅ ገና ጥርት ያለ ነው፤ በ«መ» ላይ ተሰንጥቋል። «ድምፅ ወደ ኋላ አያረጅም» አልኩት።

«ሰው ይታመማል፣ ከዚያ ይድናል» አለኝ። «እኔ እዚህ በየቀኑ የማየው ምን ሆነና? ድምፁን አትስሚው፣ ከበሮውን ስሚ። በ‹ሀ›፣ በ‹ለ›ና በ‹መ› ላይ የሚመታው አንድ ሰው ነው፤ እጁ ከባድ ነው። በ‹ሐ› ላይ ግን ሌላ ሰው መጥቷል። ስለዚህ ‹መ› ይቀድማል።»

«እጁ ቢቀልስ? ሰው አይማርም?»

«በአንድ ዓመት እጅ አይለወጥም።»

አሁን ሳስበው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ስለ ምን እንደነበር ለመናገር ይከብደኛል። በዙሪያችን የሰው መጥፋት እንጂ የሰው መንገድ አይታይም ነበር። ትናንት የነበረ ዛሬ የለም፤ እንዴት ከዚያ እዚህ እንደደረሰ የሚነግርህ የለም። እነዚህን አራት ሰዎች ግን ከዓመት ወደ ዓመት ልንከተላቸው እንችላለን፤ ቅደም ተከተሉን ካገኘን። ይህን ያኔ አላልኩትም። ያኔ የምለው «ሐ ከመ ይቀድማል» ብቻ ነው።

በሳምንቱ መሐል በአውቶቡስ ሾፌር በኩል ደብዳቤ እንላላካለን። ዝናቡ ሲከብድ መምጣት ስላቃተኝ ደብዳቤዎቹ በዙ። አንድ ሐሙስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እያስተማርኩ ሁለት የታጠቁ ሰዎችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆሙ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቤቴ ስንደርስ ያከራዩኝ እናት ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ሣጥኔ ተገልብጧል፣ ሦስቱ ካሴቶችና ቴፑ በከረጢት ገብተዋል። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ጌቶቼ፣ ይህች ልጅ ድንጋይ ከማሞቅ በቀር ያደረገችው የለም» አሏቸው። ሲቪል የለበሰው ሰው «ድንጋይ» የሚለውን ቃል ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ከዚያ የወሰዱኝ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መነጽር ያደረገ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ከመምህርነት ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ ሰባቱም ካሴቶች ነበሩ። የጤና ረዳቱም አራት እዚያው ናቸው፤ እሱም ተይዟል ማለት ነው። ኃላፊው ኬላ ላይ የተያዘ ደብዳቤ አንሥቶ አነበበልኝ። የጤና ረዳቱ ደብዳቤ ነው፤ እኔ ጋ ሳይደርስ ነው የተያዘው።

«ንጉሡ እየደከመ ነው፤ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። ረ መሐሉ ላይ ተበጥሶ ነበር፤ አያይዤዋለሁ። ሐን በተመለከተ ያንቺን አቋም አልቀበልም፤ መ ይቀድመዋል። ሰው ተቀይሯል። አዲሱ ማን እንደሆነ በአጎትሽ በኩል ከአስመራ አጣሪ። ቅዳሜ ሁሉንም ይዘሽ ነዪ፤ አንድ ላይ ሆነን እንወስናለን።»

በሰው አፍ ሲነበብ እኔ ራሴ ፈራሁት።

«ንጉሡ ማን ነው?» አለኝ።

«ካሴት ነው።»

«ካሴት ነው» ብሎ ደገመ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ጻፈ።

ጣቴን ወደ «ሠ» ዘርግቼ አስረዳሁት። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ እንዳይምታቱብን ነው፣ ደከመ ማለቱም ክሩ አርጅቶ ነው አልኩት። ቁጭ እንዳልል ተደርጌ ስለነበር እግሬ አላርፍ አለ።

«ሌላ ስም አጣችሁለት?»

«የኔታ ያስተማሩን እንዲያ ነው።»

መነጽሩን አወለቀና ሰባቱን ካሴቶች ደበላልቆ ወደ እኔ ገፋቸው። «የጤና ረዳቱ ትናንት ነው የመጣው» አለ። «ይህ ሁሉ ስለ ዘፈን ቅደም ተከተል ነው ብሎኛል። እንግዲያው የመጀመሪያውን ከዚህ፣ የመጨረሻውን ከዚያ አድርገሽ ደርድሪ። እሱም ደርድሯል።»

እጄን ዘርግቼ መደርደር ጀመርኩ። አምስቱ አያስቸግሩም። ሁለቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሱ ግትር ነው፤ የራሱን እንደሚደረድር እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ የእኔን ብደረድር አይገጥምም፤ ካልገጠመ ደግሞ ውሸታሞች ነን። ስለዚህ «መ»ን አስቀድሜ «ሐ»ን ከኋላው አደረግሁ። በሕይወቴ ያመንኩበትን ነገር እንደዚያ በቀላሉ ክጄ አላውቅም።

ኃላፊው ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። ካሴቶቹን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

«በዚህ ደብዳቤ መሠረት ሐ ይቀድማል ባይዋ አንቺ ነሽ» አለኝ።

«አዎ።»

«አሁን መን አስቀደምሽ።»

«አሳመነኝ።»

«መቼ?»

ጣቴን ከ«መ» ላይ አነሣሁ።

«እሱ ደግሞ ሐን አስቀድሟል። አንቺ አሳመንሽው?»

ያን ጊዜ የሆነው ገባኝ። እሱም እኔ የራሴን እደረድራለሁ ብሎ የእኔን ደርድሮልኛል። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ መጡብኝ፤ ፊቴ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም።

ኃላፊው እሱን አስመጣው። ቀበቶ አልነበረውም፤ ሱሪውን በግራ እጁ ይዞ ነው የገባው። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ኃላፊው «ሐ»ን ቴፑ ውስጥ አስገባ። ዘፈኑ ጽሕፈት ቤቱን ሞላው። ከዚያ አወጣና «መ»ን አስገባ።

«በሉ፣ የቱ ነው የሚቀድመው?» አለ። «አሁን እውነቱን።»

«መ» አለ እሱ ቀስ ብሎ።

«ሐ» አልኩ እኔ።

«ለምን?»

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ጀመርን። መጀመሪያ በፍርሃት፣ አንድ አንድ ቃል እያልን። እሱ ከበሮውን አነሣ፤ እኔ ድምፁን። እሱ «በአንድ ዓመት እጅ አይለወጥም አላልኩሽም?» ሲል ሱሪውን የያዘበትን እጅ ሊለቅ ምንም አልቀረውም። እኔ «ታሞ ነው ትላለህ፤ ለአሥር ዘፈን ሙሉ ነው የታመመው?» አልኩት። የታጠቁት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጸሐፊው መጻፉን ተወ።

ኃላፊው እጁን አነሣ። «ይበቃል» አለ። ወደ ጸሐፊው ግን ዞር ብሎ፣ «ሁለት ሰው ለሐሰት ቢማከር እንደዚህ አይሳሳትም» አለው።

እኔን ያን ቀን ለቀቁኝ። እሱ ሦስት ቀን ቆየ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ካሴቶቹ ለምርመራ ይቆያሉ ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ ተጠርቼ ቴፑንና አምስቱን መለሱልኝ። «ሐ»ና «መ» አልነበሩም። የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆመን ከማጉያው የተቀዳ ንግግር ሲሰማ፣ ንግግሩ አልቆ ቴፑ እስኪጠፋ ባለችው ቅጽበት የዘፋኙ አንድ ጩኸት አደባባዩ ላይ ወጣና ተቆረጠ። «ሐ» መሆኑን አወቅሁ፤ ንግግሩን በላዩ ላይ ቀድተውበታል። ዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ያጨበጭቡ ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እሱ ከተፈታ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። የይለፍ ወረቀት ለምኜ ቅዳሜ ዳባት ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ተቀብሎኝ፣ «መምህርት፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። «አንቺ» ሳይሆን «እርስዎ»። ደጅ የተቀመጡትን በሽተኞች በዓይኑ ጠቆመኝና ገባኝ። የታመምኩ መስዬ ተራ ይዤ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ በሩን ከፍቶ ተወውና ክንዴን ይዞ የደም ግፊቴን መለካት ጀመረ።

«ጃናሞራ ልሄድ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል። «ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። እዚያ ኬላም አውቶቡስም የለም።»

«ካሴቶቹን ሲመልሱልኝ ልላክልህ?»

«አትላኪ።» ከዚያ ጨርቁን ከክንዴ እየፈታ፣ «የእኔን ለምን ደረደርሽ?» አለኝ።

«አንተስ የእኔን?»

ግፊቴ ከፍ ብሏል አለና ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ባለ ተራዋ በሽተኛ ከኋላዬ ገባች።

የሚሄድበትን ቀን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ከደባርቅ በበቅሎ ነው የሚነሡት። ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ሮጬ ገበያው ዳር ስደርስ ቅፍለቱ ሄዷል። በመንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ተከተልኳቸው፤ በቅሎዎቹ የረገጡትን ጭቃ እያየሁ። ማንንም አላየሁም። ስመለስ ርዕሰ መምህሩ ከደመወዜ ላይ የሚቀጡኝን ነገሩኝ፤ እኔ መልሼ ያልኳቸውን አላስታውስም። በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር ጠይቄ ጎንደር ገባሁ። ስንወርድ አውቶቡሱ ኮሶዬ ቆሞ ሰው ሁሉ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔ አስፋልቱ ላይ እየተመላለስኩ ሾፌሩን አስቸኮልኩ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አዲስ አበባ አንድ የካሴት ሱቅ ውስጥ የሰዎቹን አልበሞች በሙሉ ከነሽፋናቸው ተደርድረው አገኘሁ። ዓመቱ በጀርባቸው ተጽፏል። «ሐ» ይቀድማል፤ ልክ ነበርኩ። ከበሮ መቺው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው አልመጣም። ሻጩ «የቱን ልስጥዎት?» አለኝ። አንዱንም አልገዛሁም፤ ሥራ እንደረሳ ሰው ፈጥኜ ወጣሁ።

እሱን ያየሁት ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎንደር ሆስፒታል፣ እናቴን ይዤ ሄጄ። ከጃናሞራ በሽተኛ በቃሬዛ ይዞ መጥቶ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሚስት እንዳገባ፣ አራት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። ስለ ኩፍኝ አወራኝ፤ አንድ ክረምት አሥራ ሰባት ቀበሌ በእግሩ እንደዞረ፣ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ወንዝ እንደተሻገረ። ሲያወራ እጁ አያርፍም ነበር፤ ይህን ልማዱን ድሮ አላስተዋልኩትም። የ«ሐ»ንና የ«መ»ን ነገር ልነግረው አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ። ከዚያ ነርሷ በሽተኛውን ጠራችና ተነሥቶ ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ያዘ።

«ለእናትሽ ጨው አታብዢላቸው» አለኝና ገባ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። እናቴ ከጎንዋ ያለውን ቦታ መታ መታ አድርጋ፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። እስኪጠሩን ድረስ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለስኩ።